የእትዬ ሎዋን ሰሌን

የኪየም ቀን ብዙ ገንዘብ አይበላም። ጠዋት አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሩዝ ፓስታ በሾርባ ሃያ ሺህ ዶንግ፣ ለሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን አሥር ሺህ፣ ለጋያው ትምባሆ አምስት ሺህ። ለሻይ ምንም። ደጅ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ከተወ አራት ዓመቱ ነው።

ኪየም ኪም ሶን በምትባል የቬትናም ገጠር የሚኖር ሰሌን ሠሪ ነው። ዘመን ሲለወጥ ሰው ሁሉ አልጋው ላይ አዲስ ሰሌን ስለሚያነጥፍ፣ በየዓመቱ መጨረሻ ጭኖ ሃኖይ ይገባል። መጀመሪያ የገባው ጦርነቱ ባለቀ ሰሞን፣ በብስክሌት ነበር። ዝናብ ያዘውና አንዲት የመንገድ ሻይ ሻጭ ላስቲኳ ሥር አስጠጋችው።

«ግባ እንጂ አንተ ልጅ! ሰሌን ልትሸጥ ነው ወይስ ዓሣ ልታረባ?»

እትዬ ሎዋን ናት። ከዚያ ወዲያ ሃኖይ ማለት ለሱ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣበት የሷ ዱካ ሆነ። በሄደ ቁጥር ከተማው ሌላ ነው፤ ሐዲዱ ከመንገዱ ተነቀለ፣ ብስክሌቱ በሞተር ተተካ፣ ፎቁ ሰማዩን ጋረደው። ዱካዋ ግን እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ፖሊስ የእግረኛ መንገድ ሊያስለቅቅ ሲመጣ ደንበኛው ሁሉ ብርጭቆውንም ዱካውንም ይዞ ወደ ቅያሱ ይሮጣል፤ ፖሊሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይቀመጣል።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሩጫው አልሰለቸሽም?»

«ዝም በል! ካንተ ቀድሜ አይደል የደረስኩት?»

በመጨረሻው ዓመት ግን ቀልዱን ተወችው።

«ኪየም፣ በአዲስ ዓመት ቀድሞ የገባ እንግዳ የዓመቱን ዕድል ይዞ ይገባል፤ ዘንድሮ በበዓሉ እግረ ደረቅ ሰው ቀድሞ ገብቶብኝ ዓመቱን ሙሉ ታምሜ ከረምኩ። ለመጪው ደጄን ቀድመህ የምትረግጠው አንተ ነህ። ሰሌንም አምጣልኝ፤ ባለ ቀይ አበባውን።»

«እሺ እትዬ።»

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የኪየም እናት ሞተች። ሐዘንተኛ ደግሞ በአዲስ ዓመት የሰው ደጅ አይረግጥም፤ ሞትን ይዞ እንደ መግባት ነው። ቃሉን መብላትም አልሆነለትና በበዓሉ ጠዋት ሰሌኑን ይዞ ሄደ። ቤቷ ያለበት ቅያስ አፍ ላይ ቆመ። በሯ ዝግ ነው። ከውስጥ ሳሏ ይሰማል። ሊጣራ አፉን ከፈተና፣ ድምፄስ ሐዘን ቢያስገባባት ብሎ መልሶ ዘጋው። በኋላ መጥቼ አስረዳታለሁ አለና ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከሁለት ወር በኋላ ሲመጣ ዛፉ ሥር ዱካ የለም።

«አረፈች እኮ» አለችው ጎረቤቷ። «በበዓሉ ‹ወንድሜ ይመጣል› ብላ ማንንም ሳታስገባ እስከ ማታ ዘግታ ዋለች። ብንለምናት ተቆጣችን። ማነው ግን ይሄ ወንድሟ?»

ኪየም ሰሌኑን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሰሌኑ ዛሬም እንደተጠቀለለ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሚስቱ «እባክህ ሽጠው» ብትለው አይሰማትም። ለመንገደኛ ሁሉ የሚናገራት አንዲት ነገር ግን አለችው፤ ይህን ለሚያነብም ንገሩልኝ ብሏል፦

«ሐዘን ላይ ከሆናችሁ አትግቡ፤ ደንቡ ደንብ ነው። ግን እባካችሁ፣ መንገድ ላይ ቆማችሁም ቢሆን የሚጠብቋችሁን ሰዎች ስማቸውን ጥሩና ‹መጥቻለሁ› በሏቸው።»