ክኒኔን ይዤ ጸለይኩ

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። አንዳንዶቻችሁን የማያስደስት ነገር አለበት፤ ቢሆንም እናገራለሁ። ሃሌሉያ!

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ ሳለን፣ ሴት ልጄን ወለድኩ። ያን ጊዜ ጌታን አላውቀውም። ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምሸጥ፣ ማንም የማይችለኝ አፈኛ ነበርኩ። በወለድኩ በወሩ ግን አፌ ተዘጋ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ሕፃኗ ስታለቅስ እሰማለሁ፤ እጄን ግን አልዘረጋም። «እኔ ብሞት ይሻላታል» እል ነበር።

አማቴ ጨነቃቸው። ገረሴ ከተማ ያሉ የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰዱኝ። ሰውዬው ሥር ቀጥቅጠው፣ «ሰባት ቀን በባዶ ሆድሽ ጠጪ፤ በሽታውን ያስወጣልሻል» አሉኝ። አስወጣልኝ፣ ወገኖቼ! አንጀቴ እስኪወጣ አስወጣልኝ! በአምስተኛው ቀን መቆም አቃተኝ፤ ወተቴም ደረቀ። ሐዘኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባለቤቴ ዳንኤል ደግሞ ካምባ የሚባል አገር ወዳለ ሌላ አዋቂ ሊወስደኝ ሲሰናዳ ጎረቤታችን ብዙነሽ ገባች። ይኸው ከፊት ተቀምጣለች! አማኝ ናት፤ ስትዘምር እሰድባት ነበር። እሷ ግን ልጄን አጠበች፣ ፀጉሬን አበጠረች፣ አጠገቤ ተንበርክካ ጸለየች። ከዚያ ተነሥታ፣ «ዳንኤል፣ ነገ አርባ ምንጭ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው» አለችው።

ሐኪሙ ሁሉን ጠየቀኝ። «ይሄ ድብርት የሚባል በሽታ ነው፤ ስንፍናም እርግማንም አይደለም» አለኝ። «ሥሩን ተዪው፤ ከክኒኑ ጋር ሊጎዳሽ ይችላል። ክኒኑ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል። እኔን ሳትጠይቂ እንዳታቋርጪ።» በየቀጠሮዬም አስቀምጦ ያነጋግረኝ ነበር። ብዙነሽም በየቀኑ እየመጣች ትጸልይልኛለች።

አንድ ጠዋት ልጄ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ጌታ ይባረክ! ያን ዕለት ብዙነሽን፣ «ይሄን ጌታሽን ለእኔም ስጪኝ» አልኳት። ተቀበልኩት!

ታዲያ አንድ ሽማግሌያችን፣ «ልጄ፣ ካመንሽ ክኒኑን ጣዪ፤ እምነት ማነስ ነው» አሉኝ። ታዘዝኩ፤ ሽንት ቤት ጨመርኩት። ብዙም ሳይቆይ ያው ጨለማ ተመለሰ። ልጄን አማቴ ቤት ወሰዷት፣ ወገኖቼ! ከጉያዬ ነው ያወጧት!

ያን ጊዜ ማንም ሳይጎትተኝ፣ በገዛ እግሬ ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። ሲሻለኝ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ መነጽርዎን ያውልቁና በእምነት አንድ ምዕራፍ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። እዚሁ አሉ፤ ይስሙኝ! ለሐኪሙ እጅና ጥበብ የሰጠው ማን ነው? ጌታ ነው! አሜን በሉ!

ዛሬ ልጄ ከእኔ ጋር ናት። ክኒኑንም ሐኪሙ ራሱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስቆመኝ። ሕመሙ ቢመለስብኝ ደግሜ እውጣለሁ፤ እየጸለይኩ እውጣለሁ፤ አላፍርም! ልባችሁ የጨለመባችሁ ወገኖቼ፣ ጌታን እመኑት፤ አይጥላችሁም። ሐኪም ጋ ብቻውን መሄድ የፈራ ካለም፣ ሰኞ ጠዋት እኔና ብዙነሽ እዚህ በር ላይ እንጠብቀዋለን።