የኦቦ ቀነዓ ውኃና የአዴ ጉዴ ባቄላ

ጎረቤቴ ኦቦ ቀነዓ፣ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማችን የውኃ ቴክኒሻን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተማውን ውኃ አጠጥተዋል፤ ማጠጣት ያቃታቸው ሚስታቸውን አዴ ጉዴን ብቻ ነው።

አዴ ጉዴ በቧንቧ ውኃ ልብስ ያጥባሉ፣ እሱንም ሳሙናው አረፋ አላወጣ እያለ እየተነጫነጩ። ለምግብ ግን የምንጭ ውኃ በአህያ ጋሪ ያስመጣሉ። ጥፋቱ የኦቦ ቀነዓ አይደለም፤ የጉድጓዳችን ውኃ ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋገራል፣ ባቄላ ቢቀቀልበት ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ቢሆንም የውኃ ሠራተኛ በር ላይ ጋሪ ውኃ ሲያራግፍ አይቶ የማይስቅ የለም፤ እኔም ስቄያለሁ። ኦቦ ቀነዓ ግን ይከፋቸዋል። አንድ ቀን ለባለቤቴ፣ "ሰው ያሻውን ይበል፤ ጉዴ በእኔ ውኃ ብታበስል ሌላ ሹመት አልፈልግም" ብለውታል።

አምና ከተራራው የተጠለፈ ለስላሳ የምንጭ ውኃ ከጉድጓዱ ጋር መቀላቀል ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ኦቦ ቀነዓን ማን ይቻላቸው! ውኃና ሳሙና በላስቲክ ጠርሙስ እየናጡ በየግቢው ዞሩ። "አረፋውን እዩልኝ፤ ኖራው ሲቀንስ እንዲህ ነው" ይላሉ። እኛ ቤት ቁርስ ላይ ሳለን ሳይቀር መጥተው ናጡብን። በመጨረሻ ሚስታቸውን ለመኑ።

"አንድ ድስት ባቄላ ብቻ፣ ጉዴ። ካልበሰለልሽ ሁለተኛ ስለ ውኃ አላነሳብሽም።"

"እሺ። ቃልህን ግን እንዳትረሳ።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔን ለምስክርነት ጠሩኝ። አዴ ጉዴ ድስታቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ እንደደረሱ፣ ቧንቧው ከሥሩ ፈንድቶ ቀሚሳቸውን አራሰው። ኦቦ ቀነዓ ራሳቸው በወጣትነታቸው የቀበሩት ቧንቧ ነው። ዝጎ ተበስቶ ኖሮ፣ ለካ ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘላቸው ያ የሚጠሉት ኖራ ነው! አዲሱ ውኃ ቀስ በቀስ አጥቦ ወሰደው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ኦቦ ቀነዓ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ መፍቻቸውን ይዘው ጭቃው ውስጥ ተንበረከኩ።

"በቃ፣ ጉዴ፣ ተዪው" አሉ።

አዴ ጉዴ ግን ከሚፈነጥቀው ውኃ ድስታቸውን ሞልተው ወደ ኩሽና ገቡ።

ባልየው ገና ከቧንቧው ጋር ሲታገሉ ባቄላው በሰሃን ቀረበልኝ። በጣቴ ጫን ባደርገው ፍርክስ አለ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ፤ የእኔ ባቄላ እንዲህ በስሎ አያውቅም። የአጥር ማዶዋ ጎረቤታችን ኡርጌ ሽታው ስቧት አንገቷን ብቅ አደረገች።

"አዴ ጉዴ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ውኃ ነው የቀቀሉት?"

"በባሌ ውኃ ነው" አሉ አዴ ጉዴ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ አድርገው።

ኦቦ ቀነዓ ከጭቃው ሳይነሱ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሳያቸው ጊዜ፣ "ውኃው ረጭቶኝ ነው" አሉኝ። ውኃው ግን ከተዘጋ ቆይቷል።