ለውሸት ጳጳስ የተነሳሁ ዕለት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ራሴን ስቼ ሳለሁ ብድግ ብዬ "ኖር!" አልኩ።

የሆነው መድረክ ላይ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ቤክስሊ ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት የሰፈር ቲያትር ቤት ጡረተኞች ተሰባስበን የእንግሊዞችን የጦርነት ጊዜ ቧልት እናሳያለን። ቄስ የሆነውም ያልሆነውም የቄስ ልብስ ለብሶ አንዱ ሌላውን ያሳድዳል። የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት፤ እንግዳ ቄስ ሆኜ እገባለሁ፣ በር ግንባሬን ይለኛል፣ ወንበር ላይ እዘረራለሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ አለመንቀሳቀስ ነው። ኒው አልባኒ ባለው የዕቃ ዌርሃውስ ስሠራ ሱፐርቫይዘሬ በዚህ ተሰጥኦዬ ሲማረር ኖሯል፤ ጥበብ መሆኑን ያወቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ዳይሬክተራችን፣ የቀድሞ አስተማሪ ናት፣ በመጀመሪያው ሪሃርሳል የቧልቱን ታሪክ ነግራናለች። ጦርነቱ ሳያልቅ ተጽፎ በቅድሚያ ወታደር ሊያስቅ ዞረ። ለንደን ሲገባ ገና ቦምብ እየወደቀ ነበር፤ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ተመልካቹ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል መሳቁን ቀጠለ አሉ። ኋላም ትልልቆቹ መድረኮች ሲጠግቡት የደብር አዳራሾችና ትምህርት ቤቶች ተቀበሉት። እንዲህ ሲወርድ ሲዋረድ እኔ ዘንድ ደረሰ።

ጳጳሱን የሚጫወተው የብሌንደን ሰፈር ጎረቤቴ ነው። የመለመለኝም እሱ ነው፤ በረንዳዬ ላይ ሳልንቀሳቀስ ስውል አይቶ። ወጣት ሳለ በዚሁ ቧልት ፖሊስ ሆኖ ሠርቷል። ያኔ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ ጳጳሱ ሲገባ የሚፈነዳውን ሳቅ ሰማና አንድ ቀን የእኔ ይሆናል አለ። ፀጉሩ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሳቁ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ጳጳሱ ይገባል፣ ምንም አይናገርም፣ የተዘረርኩትን እኔን አይቶ ክንዴን ያነሳል፣ ይለቀዋል፣ ክንዴ ዱብ ይላል። ያኔ ቀስ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይዞርና ቆቡን ያወልቃል። ይህችን ጋራዤ ውስጥ ለሳምንታት ተለማምደናታል። የምናሳየው ግን ዛሬና ነገ ብቻ ነው።

ዛሬ በሩ ተከፈተ። ወይን ጠጅ ካባ፣ ትልቅ መስቀል፣ ነጭ ጢም። ዐይንህን ጨፍን ተብዬ ሳለ በግማሽ ዐይኔ አየሁት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሚያውቀው እግሬ ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት፣ ጎረቤት እንኳ ሲገባ ተቀምጦ የቀረ ልጅ በቁንጥጫ ነበር የሚነሳው፤ ጳጳስ ሲገባማ በሽተኛም ይነሳል። ራሱን የሳተው ቄስ ተነሳ፣ እጅ ነሳ፣ "ኖር!" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ የሚያነሳው ክንድ አጥቶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ጥፋቴ ሲገባኝ ተመልሼ ተዘረርኩ፤ ደግመው ሳቁ። እሱ ቆቡን ሲያወልቅ ግን ሰው ስቆ ደክሞ ነበር፤ ከኋላ አንድ ሰው ከማሳሉ በቀር ምንም አልተሰማ።

ዳይሬክተሯ ተደስታ፣ ኪፕ እናድርገው፣ ነገም ተነስ አለችኝ። አልዋሽም፣ ነገሯ ጣፈጠችኝ። እስከ ዛሬ የሚሳቅብኝ ቤቴ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ያውም ያለ ቲኬት። ጎረቤቴ ግን ካባውን በጥንቃቄ ያጥፍ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ የ"ኖር"ን ነገር አስረዳሁት፤ ለሚገባ ሰው በክብር መነሳት መሆኑን። እሱም፣

"ለንደን ላይ ቦምብ ሲወድቅ ማንም አልተነሳም፤ አንተ ለእኔ ተነሳህ" አለ።

"ለካባው ነው እንጂ ለአንተማ ምን ቆርጦኝ" አልኩት።

ሳቀ። ሲጠብቅ የኖረው ግን የራሱን ሳቅ አልነበረም።

ባለቤቴ ታሪኩን ሰምታ፣ ነገ ከወንበሩ ጋር እሰፋሃለሁ ብላኛለች። አያስፈልግም። ለዳይሬክተሯ ኮል አድርጌ፣ እኔ አልነሳም፣ ያ ቦታ የጳጳሱ ነው አልኳት። ቅር አላት፣ ግን እሺ አለች። ነገ ፓትርያርክ ቢገባ ዐይኔን አልገልጥም፤ ክንዴ ሲለቀቅ እንደ ድንች ጆንያ ዱብ ይላል። በዚህ በኩል ራሴን አምናለሁ፣ ሙሉ ዕድሜዬን የሠለጠንኩበት ነው። እስከዚያ ግን አንድ አዳራሽ ሙሉ ሳቅ የጎረቤቴ ዕዳ አለብኝ።