ዜማውን ለፋሲካ ያቆዩት አያ ሞላ

አላምንም። ጠዋት ልጃቸው ደውላ "አባዬ አረፈ" ስትለኝ "የማን አባት?" ነው ያልኳት። እንዲህ ያለ የጅል ጥያቄ በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም።

አያ ሞላ፣ የሰቆጣው ማሲንቆ ተጫዋች፣ ሞቱ። ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀር!

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። አያ ሞላ ትውልዳቸው ደሃና ወረዳ ነው፤ ኑሯቸው ሰቆጣ ነው። ዋግ ውስጥ ሰርግ ደግሶ እሳቸውን ሳይጠራ የቀረ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። አማርኛውንና የአገዉን ቋንቋ ኽምጣንጋን እያፈራረቁ ሲያወርዱት፣ አንዱን ቋንቋ የማይሰማው ሰው እንኳ እንባውን ይጠርግ ነበር። ስቱዲዮ ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጬ የሰው ድምፅ በመቅረጽ ነው እንጀራዬን የምበላው። የሰቆጣ ልጅ ሆኜ የእሳቸው ድምፅ በእጄ አለመኖሩ ሁሌም ያንገበግበኝ ነበር።

በጾሙ መጀመሪያ ላይ ከሰቆጣ የለጠፍኩትን ፎቶ ታስታውሱ ይሆናል። የብሉዝ ሙዚቀኞች፣ የስቱዲዮና የሬዲዮ ሰዎች ከዋግ አዝማሪዎች ጋር የተገናኙበት ስብሰባ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው። ቀኑን የቆረጡት ሰዎች ግን የእንግዶቹን በረራ ብቻ ነው ያዩት። ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ የጠየቀ የለም። አዝማሪ ማሲንቆውን በሚሰቅልበት ወራት አዝማሪ ስሙ ብለው ከባሕር ማዶ ሰው ጠሩ! መሣሪያ ይዘሽ ነይ ሲሉኝ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም።

አያ ሞላ ግን መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባዶ እጃቸውን።

"ማሲንቆዎስ?" አልኳቸው።

"ጭራዋን ፈትቼ ሰቀልኳት። እሷም ትጹም እንጂ!"

"ታዲያ ለምን ደከሙ?"

"ጠሪ አክባሪ ነው ልጄ፤ እንዴት እቀራለሁ? ደሞ መስማት አያስገድፍ።"

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ፕሮዲዩሰር ሊያግባባቸው ሞከረ። "አባባ አንዴ ብቻ፤ እግዚአብሔር ይረዳዎታል" አላቸው። እሳቸውም "እግዜርስ ይረዳኝ ይሆናል፤ የሰቆጣ ሰው ነው የማይረዳኝ" አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሮዲዩሰሩ ግን አልሳቀም።

ከዚያ አንዱ እንግዳ፣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጊታሩን አንስቶ ተጫወተ። አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?" አሉኝ። ተረጎምኩለት። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ "እናቴ" አለ።

አያ ሞላ ተነስተው ትከሻውን ሳሙት። "እኔ ባንድ ጭራ የምለውን እሱ በስድስት ክር ይላል፤ ሐዘኑ ቢበዛበት ነው" አሉ። አጽናንተውት ብቻም አልቀሩም፣ እናታቸው በድርቁ ጊዜ እህል ፍለጋ ወጥተው በዚያው እንደቀሩ ነገሩት። ስለ እናታቸው የገጠሙት ዘፈን አላቸው። ሰርግ ላይ አይዘፍኑትም፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው የሚያወርዱት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ግጥሙን አሉት፤ በንግግር፦

ዝናብ ቢዘገይም ቀን ጠብቆ ይደርሳል፣
ከቤት የወጣ ሰው መቼ ይመለሳል።

ሁላችንም "ዜማውስ? ዜማውስ?" ስንላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "ቃሉን እንካችሁ። ዜማው ለፋሲካ።"

ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ ልመጣና ልቀርጻቸው ተቀጣጠርን። "እኔ ዶሮዬን በልቼ፣ እሷም ጭራዋን ታጥቃ እንጠብቅሻለን" አሉኝ። ሻንጣዬ እዚህ አጠገቤ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ማይኩን ጠቅልዬ የከተትኩት ትናንት ነው።

ያን ቀን ማይኩ ክፍት ስለነበር ንግግራቸው አለኝ። ዛሬ ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ግጥሙን ከማለታቸው በፊት ሊዘፍን እንደተነሳ ሰው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በቃ አሁን ሊጀምሩት ነው እላለሁ። ከዚያ በንግግር ይሉታል። ያንን ዜማ ልጃቸውም አታውቀውም። ጠየቅኳት። "ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ነበር፤ እኛ ስንመጣ ያቆማል" አለችኝ።

ሳል ነው የጣላቸው። ሆሳዕና ዕለት ግን በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። በሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚህ ሳምንት ለሚሞት ሰው ሁሉ ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይፈታል። "አባዬ የራሱን ፍትሐት ቆሞ ሰማ" አለችና ልጃቸው ስልኩ ላይ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ያንን ስብሰባ ትንሽ ቀደም አድርጎ ጾሙ ሳይገባ መጥራት ምን ነበረበት? ምን ነበረበት?

አያ ሞላ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ጾምዎን ጠብቀዋል፣ ቀጠሮዎንም ሊጠብቁ ነበር። መጠበቅ ያቃተን እኛ ነን። እናትዎን አግኝተዋቸው ከሆነ ዜማው ለባለቤቱ ደርሷልና እኔ ቅሬታዬን ዋጥ አደርጋለሁ። ባልውጠውም ይፍረዱልኝ፤ ልሰማው ብዙ ጓጉቼ ነበር።

በሕማማት ሰላም አይባባሉም፤ እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይዘነጉም። ስለዚህ ዛሬ ደህና ይሁኑ አልልዎትም። ትኬቴን አልመልስም። ፋሲካ ሲያልፍ ትውልድ አገርዎ ደሃና፣ መቃብርዎ ድረስ እመጣለሁ፤ ያኔ እልዎታለሁ። እስከዚያ አንዴ እንኳ እኔ ልጠብቅዎት።