ባሕር ውስጥ የከረመ ወይን

ከዝዋይ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ልትጠልቅ ስትል። ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ረዳቱ «ይሄ ሻንጣ የማን ነው? እናትም ገብታበታለች እንዴ?» እያለ ያሾፋል፤ እማዬ ደግሞ ማልቀስ አልፈልግም ብላ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ታናሽ ወንድሜ ምንተስኖት ሻንጣዬን ጣሪያው ላይ አስሮ ወረደና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ «አንቺ በሰማይ ሂጂ፣ እኔም መምጫው አይጠፋኝም» አለኝ። ዲቪ አብረን ሞልተን ለእኔ ብቻ ነበር የወጣው። የምሩን መሆኑ አልገባኝምና ሳቅኩ።

ስለ ምንተስኖት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኖ ዋና አይችልም። ጉማሬ ይፈራል። ጓደኞቹ ዘለው ሲገቡ እሱ ዳር ላይ ተቀምጦ የሁሉንም ልብስ ይጠብቃል፤ እኔም ከወይን እርሻው፣ ዘለላ ስቆርጥ ውዬ ስመለስ በዚያ በኩል እያለፍኩ «የልብስ ዘበኛ!» እለው ነበር። እንግዲህ ይሄ ልጅ ነው ከጥቂት ዓመት በኋላ በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ ሊቢያ የገባው።

እኔ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ገባሁ። እዚህ አገር አየሩ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ አፍንጫ ያደማል፣ ልብስ አጥባችሁ ገና ዞር ሳትሉ ይደርቃል። የዝዋይ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ የናፈቀኝ ምግቡ ሳይሆን የውሃ ሽታ ነው። ሥራ ያገኘሁት ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት ባለው የወይን ማከማቻ ካርቶን ተቀብዬ ጠርሙሱን በየመደርደሪያው አጋድማለሁ። ስቀጠር ወይን እርሻ መሥራቴን ስነግራቸው ኢትዮጵያ ወይን ይበቅላል ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

ከምንተስኖት የመጨረሻው የድምፅ መልእክት የደረሰኝ እዚያው ምድር ቤት ሆኜ ነው። «እህቴ፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ውሃ ላይ ነን። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ደግሞ እንዳትስቂ፣ ጀልባዋ ትልቅ ናት።» ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፣ እኔም መተኛት አቃተኝ።

የጠፋ ሰው ያፈላልጋሉ የተባለ ቦታ ደወልኩ። የምታናግረኝ ሴት ትሕትናዋ ለጉድ ነው።

«የጀልባው ስም ማን ነው?» አለችኝ።

«ስም የለውም።»

«እሺ፣ የትኛው ድርጅት ነው የሚያንቀሳቅሰው?»

«ድርጅት አይደለም። ሌቦች ናቸው።»

«ወንድምሽ የተሳፋሪ ትኬት ቁጥር ይኖረው ይሆን?» አለች። እኔ ብስቅ ይሻለኛል ብዬ ሳቅኩ። እሷም አብራኝ ሳቀችና መልካም ቀን ተመኘችልኝ።

በዚያው ሰሞን ነው ወይኑ የመጣው። አንድ የሆቴሉ ደንበኛ ከጣሊያን ሲመለስ ይዞት የመጣ ነው፤ ወዳጆቹን ሰብስቦ ሊያስቀምስ። የወይን ኃላፊያችን ካይል የሚባል፣ ደግና ወሬ የሚወድ ልጅ ነው። ሣጥኑን እንደ ታቦት አቅፎ አመጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ክፈችው፤ ግን እንዳታጥቢያቸው» አለኝ።

ከፈትኩት። ጠርሙሶቹ ቆሽሸዋል ልል ስል አየሁት፤ ቆሻሻ አይደለም። መስታወቱ ላይ ነጫጭ ዛጎል በቅሎበታል፣ የደረቀ አረንጓዴ ነገር ተጋግሮበታል፣ አንገታቸው በሰም ታሽጓል። አንዱን ሳነሳው ዛጎሉ መዳፌን ቧጠጠኝ።

«ባሕር ሥር የከረመ ነው» አለ ካይል። «በብረት ቀፎ አድርገው ከታች ያወርዱታል። እዚያ ጨለማ ነው፣ ቅዝቃዜው አይለዋወጥም፣ ማንም አይነካውም። ውሃው ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል። ከወራት በኋላ ሲወጣ ጣዕሙ ሌላ ነው።»

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ስመጣ በአውሮፕላን መስኮት ያየሁት ደመና ብቻ ነው። ባሕርን መጀመሪያ የነካሁት፣ ባሕር በሌለበት በዚህ ተራራ አገር፣ ከመሬት በታች ነው። ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ጨው ጨው ይላል፣ የሐይቃችን ሽታ ግን የለውም።

«ይሄን ማን አሰበው?» አልኩት፤ የሆነ ነገር መናገር ስላለብኝ።

«ከሰመጡ መርከቦች ነው የተማሩት። ጠላቂዎች ስንት ዘመን ውሃ ሥር የኖረ ጠርሙስ አወጡ፣ ሲቀምሱት ግሩም ሆኖ ተገኘ።»

መርከብ ሰመጠ ሲል ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሱ ወሬው ሞቆለት አላየኝም። ከዚያ፣ ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም፣ «ማዕበል መጥቶ ቀፎው ቢጠፋስ?» አልኩት።

«ኦ፣ ይጠፋል!» አለ። «ሰንሰለቱ ይበጠስና ይሄዳል። ግን ፈልገው ያገኙታል። ቦታው በመሣሪያ ተመዝግቧል፣ ጀልባ ይወጣል፣ ጠላቂ ይወርዳል። ካላገኙ በማግሥቱ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብለው አይተዉትም።»

ለጠርሙስ ጠላቂ አላቸው። ካይልን አልጠላሁትም፣ ግን የያዝኩትን ጠርሙስ ግድግዳ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ ነበር። አስቀመጥኩትና ሺፍቴ ሳያልቅ ወጣሁ።

የሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ትኬት የምትቆርጠው ጸሐይ የደብረ ዘይት ልጅ ናት፤ ወሬ አትይዝም እንጂ ልቧ ወርቅ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጄን እያሸተትኩ ሳለቅስ አገኘችኝ። ምንተስኖት ባሕር ላይ መሆኑን የነገርኳት ለእሷ ብቻ ነበር። አጎንብሳ «ምንተስኖት ነው?» አለችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። እሷም ደረቷን መታ አድርጋ አቀፈችኝ። ሌላ አልተነጋገርንም፤ መኪና ጡሩንባ ሲነፋባት ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማግሥቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ።

በማለዳ፣ ሳይደውል፣ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። አሜሪካም ብንመጣ መርዶን በስልክ አንናገርም፤ ሰው ሥራ ሳይሄድ፣ ቤቱ እያለ ነው። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ጋሽ ፈለቀ ቆመዋል፣ የአውሮራ እድራችን ሰብሳቢ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል። ከኋላቸው ጸሐይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከእድሩ ሴቶች አንዷ ፔርሙስ ይዛ፣ ሌላዋ ዳቦ ታቅፋ።

መቀርቀሪያውን ያዝኩት እንጂ አልከፈትኩም። ካልከፈትኩ አይነግሩኝም፣ ካልነገሩኝ አልሞተም፤ ያኔ ያሰብኩት ይሄን ነው።

«ልጄ፣ ክፈቺ» አሉ ጋሽ ፈለቀ ቀስ ብለው።

«ይመለሱልኝ ጋሼ! በእመቤቴ ምንም እንዳይነግሩኝ!»

ጩኸቴን ሰምታ ነው መሰለኝ የሕንፃው ኃላፊ ከታች ወጣች። «በዚህ ሰዓት ጩኸት ክልክል ነው፤ ደግሞ የኪራይ ውሉ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው፣ እነዚህ ሁሉ እዚህ ነው የሚኖሩት?» ስትል ይሰማኛል። ጋሽ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእንግሊዝኛቸው አስረዷት፤ «ይቅርታ እመቤት፣ ወንድሟ ሞቶባት ነው።»

በሩ ሥር ወደቅኩ። እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም፤ ራሴ ሳልከፍተው አልቀረሁም። ስጮህ ጸሐይ አብራኝ ትጮሃለች፣ ኃላፊዋ አፏን በእጇ ይዛለች፣ ዳቦው ወለሉ ላይ ተንከባሏል። በመካከል ትንፋሽ ሳገኝ «ማን ነገራችሁ? ከየት ሰማችሁ?» አልኩ።

ጋሽ ፈለቀ ደነገጡ። «እንዴ፣ አንቺ ነሽ እንጂ! ትናንት ለጸሐይ ነግረሻት... እኛ እኮ ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው።»

ሁሉም ጸሐይን አዩዋት፣ ጸሐይ እኔን አየችኝ። «ምንተስኖት ነው ስልሽ ነቀነቅሽልኝ!»

«ስለ እሱ ነው የማለቅሰው ማለቴ ነው! ምንም አልሰማሁም!»

ወንድሜ በአንድ ጠዋት ሞቶ ተነሣ። ፔርሙስ የያዘችው ሴት ሳቋ አመለጣት፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ጋሽ ፈለቀ ግን አልሳቁም። ጸሐይን ለብቻዋ ያዙና «ለማን ለማን ተናገርሽ?» አሏት።

«ለእናንተ... ደግሞ ማታ ዝዋይ ላለችው አክስቴ ደወልኩላት» አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ስልኬን እንዴት እንዳነሣሁት! እዚህ ሲነጋ እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእነሱ ጠዋት አልፏል። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግሜ ስደውል እማዬ አነሣችው። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። ብርድ አለ ወይ አለችኝ፣ የለም አልኳት። በላሽ ወይ አለችኝ፣ በላሁ አልኳት።

«ሰው መጥቶ ነበር እንዴ እማዬ?» አልኩ፤ ድምፄን ለማስተካከል እየታገልኩ።

«ጠዋት በር ተመታ» አለች። «በቆርቆሮው ሽንቁር አየሁ። ጎረቤታችን አስካለ ናት፣ ከንስሐ አባታችን ጋር። ሌሎችም ነበሩ። አልከፈትኩም።»

«ለምን?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን የት አገር ያደግኩ አደረግሽኝ?» አለች። «ልጄ ስልኩ ከጠፋ ጀምሮ በሬን ከምሳ በፊት አልከፍትም። ወተት የሚያመጣውንም በላይ በኩል አቀብለኝ ብዬዋለሁ። የሚፈልገኝ ከሰዓት ይምጣ።»

«ታዲያ ከሰዓት መጡ?»

«እስካሁን አልመጡም።» ከዚያ «አንቺስ የሰማሽው አለ?» አለችኝ።

«ምንም የለም እማዬ። እውነቴን ነው፣ ምንም አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ልጄ ደህና ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ጋሽ ፈለቀ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ እማዬ ያለችውን ነግሬያቸዋለሁ። ጸሐይ አክስቷን ደጋግማ እየደወለች ነው፤ አታነሣም። እነ አስካለ በማለዳ በሩን የመቱት የእኛን የተሳሳተ ወሬ ሰምተው ይሁን፣ ወይስ ከሌላ ቦታ የመጣ እውነተኛ ነገር ይዘው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ የለም። «ለጎረቤታችሁ ደውይና ጠይቂያት፣ ልጄ፤ እኛ አለንልሽ» አሉኝ ጋሽ ፈለቀ።

የአስካለን ቁጥር አውጥቻለሁ። አልደወልኩም።