ከጓሯችን የወጣው የአይሪስ ሥር

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የጅቡቲው ባቡር ሊነሳ ሲል እናቴ ከድሬ ዳዋው ጓሯችን አንድ የአይሪስ አበባ ሥር በጥድፊያ ነቅላ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። «የአባትሽ ነው» አለችኝ።

ጓሯችን ውስጥ ሁለት ዓይነት አይሪስ ነበር። ነጩን የሰጡን የመጋላ ሰፈሯ እማማ ዘሃራ ናቸው፤ በእነሱ፣ በሙስሊሞቹ ዘንድ፣ መቃብር ላይ ይተከላል። ሰማያዊውን፣ ወይን ወይን የሚሸተውን፣ የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ፈረንጆች ጣቢያው ግቢ ከተከሉት ነው ያመጣው። አባቴን አንድ ቀን ወታደሮች ወሰዱት፤ አስከሬኑ እንኳ አልተሰጠንም። እናቴ ሰማያዊውን እንደ መቃብሩ ታጠጣው ነበር። ካላበቡ ግን ሁለቱን መለየት ይቸግራል።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፈታሹ ጋዜጣውን ፈታ።

«ዝንጅብል ነው?»

«የአበባ ሥር ነው።»

አላመነኝም፤ ቀመሰውና እንትፍ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ወርቅ ይደብቃል! በይ ይዘሽልን ጥፊ።»

ከጅቡቲ አልፌ በደረስኩበት በሰሜን ፈረንሳይ የተከራየሁት ክፍል ትንሽ ጓሮ ነበረው። እዚህ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም፤ ሰው ፈገግ ይልልሻል እንጂ ግቢ አይልሽም። ሥሩን እንደ ዝንጅብል ቀበርኩት። በረዶውን ቻለ፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ። አከራዬ ማዳም ሉዊዝ በመስኮት ሲያዩኝ ከርመው፣ «ማድሟዜል፣ አበባ ነው ሬሳ የቀበርሽው? የሥሩን ጀርባ ፀሐይ ይምታው እንጂ!» አሉኝ። ከግድግዳቸው ሥር ያለውን አሮጌ አይሪስ አሳዩኝ። «ልጅ ሳለሁ በየባቡር ጣቢያው ይኸው ሰማያዊ ነበር።»

ባዮሎጂ ተምሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። አፈሩን ገፈፍኩለት።

በዚያው ክረምት እናቴ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጓሯችንን ጠርጎ እንደወሰደው ጻፈችልኝ። «የአባትሽ አንቺ ጋ መኖሩ በጀ» ትላለች።

በግንቦት አበበ። ነጭ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ ወይን አይሸትም።

እሑድ እናቴ ከቴሌ ደወለች።

«አበበልሽ?»

«አበበ፣ እማዬ።»

«ሰማያዊ ነው አይደል? ቁራጭ ሥር ትልኪልኛለሽ?»

መስመሩ ይንጫጫል። «አዎ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ያለችውን አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት ከማዳም ሉዊዝ ግድግዳ ሥር ተንበርክኬ የእሳቸውን አይሪስ አሸተትኩ። ወይን ወይን ይሸታል። ከዚያ በፊት አንድም ነገር ጠይቄያቸው አላውቅም። በራቸውን አንኳኳሁ።

«ማዳም፣ ከዚህ ሥር አንድ ቁራጭ ይሰጡኛል?»