አሥራ አንዱ የእንግሊዝኛ ተማሪዎቼ

የያዙኝ በደብተር ነው። ሽጉጥ ሊፈልጉ መጥተው ፍራሼን ሲገለብጡ ደብተር አገኙ። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ ተጽፎበታል፤ «የሥጋ ሳህን ማለት እግር፤ ችግርና ጠብ ማለት ሚስት።» ፈታሹ ሁለቴ አነበበውና «ጫማህን አድርግ» አለኝ።

ልደታ ያለው የቀበሌያችን እስር ቤት ድሮ የኅብረት ሱቁ መጋዘን ነበር። አሥራ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሽንኩርቱ ከወጣ ዓመት ቢያልፈውም ሽታው አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ካድሬው አስጠራኝ። ደብተሩን ገፋ አድርጎ «ፍታው» አለኝ።

ፈታሁለት። የለንደን ሰዎች አነጋገር ነው። «ሚስት»ና «ጠብ» በእንግሊዝኛ ቤት ስለሚመቱ፣ ሚስቴ ለማለት «ችግርና ጠብ» ይላሉ። አንዳንዴም ቤት የሚመታውን ቃል ይጥሉትና የቀረውን ብቻ ይናገራሉ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት! የመምህር ነገር፣ ሳልጠየቅ አመጣጡን ጨመርኩለት።

«የገበያ ሰዎች ናቸው ያወጡት ይባላል። ፖሊስ እንዳይገባው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ፖሊስ እንዳይገባው?»

«ይባላል ነው ያልኩት።»

«ለማን ለማን አስተማርክ?»

ቤቴ እየመጡ የሚያጠኑ አራት የማታ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ አራቱም የጌጃ ሰፈር ልጆች። የአንዳቸውንም ስም አልጠራሁም። «እስከ ነገ ጠዋት ስማቸውን ካላመጣህ ወደ ላይ አስተላልፍሃለሁ» አለኝ። ወደ ላይ ከተላለፉት ልብሳቸው ብቻ ተመልሶ የመጣ ነበሩ። ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።

የሆነውን ለእስረኞቹ ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ስል ሳቁብኝ። በተለይ አንድ ሽማግሌ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይኼማ የእኛ ሙያ ነው፣ መምህር። እኛ ነጋዴዎች ገዢ ፊት ቆመን፣ እሱ በማይገባው ቋንቋ ካልሆነ በምን የምንማከር መሰለህ? እስቲ አስተምረን።»

ምን ሥራ አለን! ተያያዝነው። «ካድሬ» ከ«በሬ» ጋር ቤት መታ፤ «ላምና በሬ» አልን። እንደ ለንደኖቹ በሬውን ጣልነውና ላሟ ቀረች።

ጠዋት በሩ ሥር የተቀመጠው መካኒክ በስንጥቁ አየና «ላሟ መጣች» አለ። ካድሬው ወረቀት ይዞ ገባ።

«ስም!»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«እኔን ጻፈኝ፣ ልጄ። ተማሪው ነኝ።»

«መቼ ተማሩ?»

«ቅድም መቼ አላልክም፤ ስም ነው ያልከው።»

«ምን ተማሩ?»

«ሚስት ማለት ችግርና ጠብ ናት። ሦስት ስላገባሁ ቶሎ ገባኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ጠመንጃ የያዘው ጥበቃ ነው። ካድሬው ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ መካኒኩ ተነሣ፣ ቀጥሎ አናጢው፣ አንድም ሰው ሳይቀር አሥራ አንዱም ቆሙ። ካድሬው ለበላዮቹ ስም ማቅረብ ነበረበት፤ አሁን ስም አገኘ። ሁሉንም ጻፈና ከሥሩ «ሁሉም በቁጥጥር ሥር ናቸው» ብሎ አሰመረበት። እንዲህ የተሟላ ሥራ ሠርቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም ወደ ላይ ሳልሄድ ቀረሁ።

ሽማግሌው ግን በዚያ ወረቀት ላይ ስማቸው መጀመሪያ ስለተጻፈ ሦስት ወር ተጨመረባቸው። አፍሬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተው እንጂ። ለትምህርት ሦስት ወር ምን አላት?»

ከአራቱ የማታ ተማሪዎች አንዷን አሁንም ሜክሲኮ አካባቢ አገኛታለሁ። አያት ሆናለች። ባለፈው ለልጅ ልጇ «እኔን እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእኛ በፊት ተማሪ አልነበራቸውም፤ ከእኛም በኋላ ተዉት» ስትል ሰማኋት።

«ከእናንተ በኋላ አሥራ አንድ ነበሩኝ» አልኳት። «አንዱም ከፈተና አልቀረም።»